የደጃዝማች አሥራት ባሕታዊ

ደጃዝማች አሥራት ከስደት ሲመለሱ ከእንግሊዝ አገር ይዘው የመጡት ነገር ሁለት ነው፤ የጉልበት ቁርጥማትና አንድ ወፍራም መጽሐፍ። ለቁርጥማቱ ጠበል ሞክረውለት ትንሽ ለቀቅ አድርጓቸዋል። ለመጽሐፉ ግን መድኃኒት አልተገኘም።

መጽሐፉን የሰጧቸው በጠላት ዘመን ያስጠጓቸው አንድ የእንግሊዝ ባላባት ናቸው። የሚያወራውም ስለ ሰውየው ግንብ አይደለም፤ በግንቡ ዙሪያ ስላለው መናፈሻ ነው። አንድ ዘር መቶ ዓመት ሙሉ ሣር ላይ የሠራው ሥራ አንድም ሳይቀር ተጽፎበታል። አያትየው ዛፎቹን እንደ ወታደር አሰልፎ ተከለና ሞተ። ልጁ “እግዜር በመስመር አይተክልም” ብሎ ሁሉንም አስነቀለ፤ ጅረቱን ገድቦ ሐይቅ አወጣ፤ ኮረብታ ባልነበረበት ኮረብታ አስቆለለ። የልጅ ልጁ ደግሞ ከመስኮቱ ሲያይ ዓይኑን የሚወጋው አንድ መንደር ነበርና መንደሩን ከነሰዉ ከኮረብታው ጀርባ አዛወረው። ሥራው ሲያልቅ የሰው እጅ ያልነካው መሰለ። ይህን ሁሉ ዘመን የተለፋው ያልተለፋበት ለማስመሰል ነው።

ደጃዝማች ሱሉልታ ላይ ሃያ ጋሻ መሬት ነበራቸው። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ብርዱም የእንግሊዝን የሚያስንቅ ነው። የቀረው ሰው መንቀል ብቻ ነበር።

የደጃዝማች እንግሊዝኛ ከሰላምታና ከሻይ አያልፍም፤ መጽሐፉም ሃያ ዓመት ያህል ተርጓሚ ሲጠብቅ ኖሯል። ስለዚህ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት የምትማረው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃቸው ያለምወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች፣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አንድ ምዕራፍ ትተረጉምላቸዋለች። ሰኞ ጠዋት ምዕራፉ መቆፈር ይጀምራል።

ቆፋሪዎቹን የሚመራው የጭሰኛው የኦቦ ቀጄላ ልጅ ደገፋ ነበር። ደገፋ ሰበታ አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ አራተኛ ክፍል የደረሰ፣ ሜትር ማንበብ የሚያውቅ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሥዕሉ እንዲገባው ተብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ በረንዳው ይጠራል። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደረጃው ላይ ይቆማል፤ ያለምወርቅም መጽሐፉን ወደሱ ታዞርለታለች። ጣቷ የሐይቁን ዳር ዳር ሲሄድ የሱ ዓይን ጣቷን ይከተላል። በዚህ ምክንያት የሱሉልታው ሐይቅ ከእንግሊዙ ትንሽ ጠመም ብሎ ወጣ።

አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ቦይ ነበር። እንግሊዞች አጥር ዓይን ይከለክላል ብለው ከቤቱ ወዲያ የሰው ቁመት ያህል ጥልቅ ቦይ ይቆፍሩና በሣር ያለብሱታል። ከበረንዳው ሲያዩት ሜዳው እስከ ተራራው ድረስ የቀጠለ ነው። ላም ግን አታልፍም። ደገፋ ይህን ቦይ በገዛ እጁ ቆፈረ፤ ቆፍሮ ሲጨርስም ማዶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ለብቻቸው የሚገናኙት ቦዩ ላይ ነበር። እሷ ከላይ ሣሩ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ እሱ ከታች ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል።

“ቀና እንዳትል፤ ዓባይነህ ያየናል” ትለዋለች። ዓባይነህ የግቢው ሹም ነው።

“ቀና ብል ምን አያለሁ?”

“እኔን ነዋ።”

“አንቺንማ ጎንበስ ብዬም አይሻለሁ።”

ያ ቦይ ያን ያህል አረም አልነበረበትም። ደገፋ ግን እሷ ብትመጣም ባትመጣም በሳምንት አራት ቀን ያርመው ነበር።

ጥቅምት ላይ ዘጠነኛው ምዕራፍ ደረሰ። ያለምወርቅ ገና ማንበብ ስትጀምር ሳቋ አመለጣት።

“ምን ይላል?” አሉ ደጃዝማች።

“ባሕታዊ ቀጠሩ ይላል፣ አባባ።”

“ምን ሊያደርግላቸው?”

“ምንም። ከሐይቁ ማዶ ጎጆ ሠሩለት። ሰባት ዓመት ፀጉሩን ሳይላጭ፣ ጥፍሩን ሳይቆርጥ፣ ከማንም ጋር አንዲት ቃል ሳይናገር ሊቀመጥ ተዋዋለ። እንግዳ ሲመጣ ከሩቅ እንዲያየው ነው።”

“ይጸልያል?”

“ይጸልያል አይልም። የሚያስብ መምሰል አለበት ነው የሚለው።”

“ሰባቱን ዓመት ፈጸመላቸው?”

“በሦስተኛው ሳምንት ከላም አላቢዋ ጋር ሲያወራ ተይዞ ተባረረ።” ደረጃው ላይ የቆመውን ደገፋን አየት አድርጋ እንደገና ሳቀች።

ደጃዝማች አልሳቁም። “የኛ ይፈጽማል” አሉ።

በዚያው ሳምንት ዓባይነህ ከደገፋ ባርኔጣ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አገኘ። “አንተ የሌለህበትን መስኮት ከፍቼ ማየት አልፈልግም” የሚል ነበረበት። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ደጃዝማች መነጽር አላስፈለጋቸውም።

አልተቆጡም። እንግሊዝ አገር አምስት ዓመት ተቀምጠው የተማሩት ትልቁ ነገር ይሄ ነበር፤ ጨዋ ሰው ጮኾ አይጎዳም። ደገፋን አስጠርተው ወንበር ሰጡት፤ ሻይ አስቀዱለት።

“ጠጣ” አሉት። “ላስገርፍህ እችል ነበር። ግን ብትገረፍ ልጄ ታዝንልሃለች። የታዘነለት ወንድ ደግሞ መድኃኒት የለውም።”

“ጌታዬ፣ እኔ...”

“አላናገርኩህም። ከእንግዲህም መናገር ሥራህ አይደለም።” መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። “ሰባት ዓመት ነው። አትናገርም፣ አትጽፍም፣ በእጅህም ምልክት አታሳይም። ከፈጸምክ አባትህ የሚያርሰውን ስድስት ጥማድ በስሙ አጽፍለታለሁ፤ ጭሰኛነቱ ይቀራል። አንዲት ቃል ያመለጠችህ ቀን በማግሥቱ ጎጆውን ነቅሎ ይሄዳል። ይህን ውል ለልጄ መንገርም ያው መናገር ነው።”

ደገፋ አባቱን አሰበ። ኦቦ ቀጄላ ለሐይቁ አንዴ፣ ለቦዩ አንዴ ጎጆውን ነቅሎ ተክሏል። በሕይወቱ የራሱ የሆነው ሁለት በሬና አንድ የቆየ ሳል ብቻ ነበር።

“ጎጆህ የሚሠራው ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው” አሉ ደጃዝማች። “ይኸው ራሷም በደብዳቤዋ ጠይቃለች። እኔ ጨካኝ ሰው አይደለሁም።”

ደገፋ ሻዩን ጨረሰ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ እሺ ሊል አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋውና ራሱን ነቀነቀ። ደጃዝማች ደስ አላቸው። እሱም ብድግ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

*

የሱሉልታ ሰው ባሕታዊ አይቶ ያውቃል፤ በውል የተቀጠረ ግን አላየም። በመጀመሪያው ወር ጓደኞቹ ሐይቁ ዳር ቆመው ሰደቡት፣ አላገጡበት፣ የበግ ድምፅ አወጡበት። ደበሎውን ለብሶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ዝም አለ። በመጀመሪያው ክረምት ስድቡ ቀረ። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ሲወርድ የሚያልፍ ሰው ባርኔጣ ማውለቅ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው መጡ።

ከሁሉ የባሰችው ተረፈች ናት። ተረፈች የደጃዝማች ወጥ ቤት ነች፤ ምግቡን በአገልግል የምታመላልስለትም እሷው ናት። ደገፋን ከልጅነቱ ጀምሮ “አንተ ቀልበ ቢስ” እያለች ነው ያሳደገችው። አሁን አገልግሉን አስቀምጣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ “ይብሉልኝ፣ አባታችን” ትለዋለች። አንድ ቀን የሚያስላትን የልጅ ልጇን ይዛ መጣችና እጁን አንሥታ የልጅቷ ራስ ላይ ጫነችው። ልጅቷ በሳምንቷ ዳነች። ሳል በሳምንቱ መዳን ልማዱ ነው፤ ደገፋ ግን ይህን መናገር አይችልም።

የከተማ እንግዶች ከበረንዳው በመነጽር ያዩታል። አንድ ፈረንጅ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ይህን የመሰለ ባሕታዊ በአገራችንም የለም ብሎ ደጃዝማችን አስደሰታቸው።

እሑድ እሑድ አባቱ ይመጣል። ከጎጆው ደጃፍ ቁጢጥ ይልና “አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ፤ እንዴት ነህ ልጄ” ይላል። ጥቂት ይጠብቅና “ፈያ ነኝ፣ ደኅና ነኝ፤ እርስዎስ?” ይላል። ጠያቂውም መላሹም ራሱ ነው። ስለ ገብሱ፣ ስለ በረዶው፣ ተፍኪ ስላለው የልጁ አጎት ያወራል። በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ግን ሲቀመጥ ተቁነጠነጠ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ “ያ ጥቁሩ በሬ እግሩን አሞታል። እስቲ ቢያስቡበት” አለ። ልጁን አንቱ ማለቱን ራሱም ሲሰማው ደነገጠና ብድግ ብሎ እየተጣደፈ ሄደ። ደገፋ ያን ቀን አገልግሉን ሳይነካው ዋለ።

ያለምወርቅስ? መጀመሪያ አባቷን ጠይቃ ነበር። “እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፤ እሱን ጠይቂው” አሏት። መጥታ ጠየቀችው። ለምን እንደተወሸቀ፣ ማን እንዳስገደደው፣ ረስቷት እንደሆነ ጠየቀችው። አልመለሰም። ፈሪ አለችው፤ ከዚያ ድንጋይ አለችው፤ ከዚያ አልቅሳ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ዝም ያለ ሰው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ የፈለጉትን ነገር ሁሉ ይናገራል። በሦስተኛው ወር ጎጆው ውስጥ፣ ከመደቡ ሥር ይህን ደብዳቤ አገኘ።

“ደገፋ ሆይ፣ አሁን ገባኝ። አባቴ እንድንናገር ስላልፈቀደልን አንተ ከዓለም ሁሉ ጋር መናገር ተውክ። ለእኔ ያልሆነ ቃል ለማንም አይሁን አልክ። እንዲህ ያለ ፍቅር በመጽሐፍም አላነበብኩም። ማታ መብራት ሲጠፋ ለጓደኞቼ ስላንተ እነግራቸዋለሁ፤ ሁሉም ያለቅሳሉ። መልስ አትጻፍልኝ። ዝምታህ መልሴ ነው።”

ደገፋ አሥር ጊዜ አነበበው። እንዲህ አይደለም የሚልበት አፍ የለውም። በየእረፍቷ ሌላ ደብዳቤ ትተዋለች፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ይበልጥ ያምራል። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለው ሰው ረጅም፣ ጥልቅና ንጹሕ ነበር። ደገፋ ያን ሰው ቀስ በቀስ ወደደው። አንዳንድ ቀን፣ ሐይቁ ላይ ጉም ሲተኛ፣ እውነትም ለእሷ ብዬ ይሆናል ይል ነበር ለራሱ። ስድስቱ ጥማድ ትዝ ሲለው ግን የሰው ልብስ ለብሶ የተያዘ ያህል ያፍራል።

*

በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ትንሣኤ ላይ ያለምወርቅ ታጨች። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ። በዋዜማው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግድቡን ተሻግራ መጣች፤ ፀጉሯ ለሠርጉ ተሠርቷል። ጎጆው ውስጥ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ደገፋ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ሽቶዋን በቅርብ አሸተተ።

“ነገ ነው” አለችው።

ሐይቁን አየ።

“ሰውየው ደኅና ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ ሊልከው ነው። ብዙ ይናገራል። አንድ ነገር ብለው ሦስት ነገር ይመልስልኛል። ሲናገር አንተን አስባለሁ።” እጁን ያዘችው፤ ጥፍሩ ስለረዘመ ጠንቀቅ ብላ ነው። “ቤት ያለ ሰው ሁሉ ሙሽሪት ደስ ብሏታል ይላል። ስለምስቅ ነው። ምን ላድርግ፤ እኔ እንዳንተ ዝም ማለት አልችልም።”

ደገፋ እጁን አላነሣም።

“አንድ ቃል ስጠኝ። አትሂጂ በለኝ፣ በቃ። አሁን በዚሁ እግሬ ካንተ ጋር እሄዳለሁ፤ ቡራዩ ድረስ በእግራችን እንሂድ፤ ከዚያ ወዲያ አንተ ታውቃለህ። ዝም ካልከኝ ግን ነገ መኪናው ውስጥ እገባለሁ። ስእለትህን አትፍራ። የገባኸው ለእኔ ነው፤ እኔው ፈታሁህ።”

ደገፋ ስድስቱን ጥማድ በዓይኑ ዞረው። የላይኞቹ ሁለቱ ድንጋያማ ናቸው፤ የታችኞቹ አራቱ ገብስ ይሰጣሉ። አባቱ በዓመት በዓመት ድንጋዩን እየለቀመ ዳር ላይ ሲከምር ታየው። የቀረው ሦስት ዓመት ተኩል ታየው። ከዚያ አንገቷ ላይ አንድ የደም ሥር ስትመታ አየ።

“ያለም” አለ።

ድምፁ የደረቀ ማጠፊያ እንዳለው በር ጮኸ። ያለምወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

“እስቲ እንደገና” አለች።

“ያለም። አትሂጂ።”

አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። እዚህ ላይ ቢያቆም ምናልባት ደኅና ነበር። ነገር ግን ግድብ የሠራ ሰው ያውቃል፤ ግድብ ሲሰነጠቅ ውሃው በጭልፋ አይወጣም። ደገፋ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰሰው። ሻዩን፣ ከባርኔጣው የተገኘውን ደብዳቤ፣ ሰባት ዓመቱን፣ ስድስቱን ጥማድ፣ የአባቱን ጎጆ። “ይሁን፣ ይቅር” አላት፤ “አባቴን ተፍኪ እወስደዋለሁ። አጎቴ እዚያ ነው፤ የሚከራይ መሬት አያጣም። ከዚያ እኔና አንቺ...”

“ቆይ” አለች። “ስድስት ጥማድ የምን?”

“አባቴ የሚያርሰው ነዋ። ሰባቱን ዓመት ከፈጸምኩ በስሙ ሊያጽፉለት።”

“ታዲያ ዝም ያልከው ለሱ ነው?”

“አባትሽ ናቸው ያሉኝ።”

“እሱን ነገርከኝ። እኔ የምልህ፣ ለእኔ ብለህ አልነበረም?”

ደገፋ አፉን ከፈተ፤ እውነቱን ብቻ አገኘበት። “ለአባቴ ነው” አለ።

“ለመሬት።”

“ያለም፣ አባቴና መሬቱ ሁለት ነገር አይደሉም።”

ያለምወርቅ ይህን አልተረዳችም። ልትረዳው ሞክራለች፤ ቅንድቧ ተገናኝቶ ነበር። በሃያ ጋሻ መሬት ላይ የተወለደ ሰው ለስድስት ጥማድ ዝም የሚባልበት ምክንያት ሊታየው አይችልም፤ ከበረንዳው ቦዩ እንደማይታየው ማለት ነው።

“ጓደኞቼን እኮ ነግሬያቸዋለሁ” አለች ዝግ ብላ። “እስካሁን ሲጽፉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስላንተ ነው።”

“አሁን ተናገርኩልሽ እኮ። መሬቱን ጥዬ ነው የተናገርኩት።”

“አዎ” አለች። “እሱማ አዎ።” አፉን ታይ ነበር። ከግራ በኩል አንድ ጥርሱ ወልቋል፤ አንዱ ጠቁሯል። ሦስት ዓመት ተኩል ዝግ አፉን ብቻ ነበር ያየችው። እጇን ከእጁ ላይ አነሣች፤ ቀስ ብላ ነው ያነሣችው፣ እንዳይከፋው።

በዚህ መሃል ተረፈች አገልግሉን ተሸክማ በግድቡ ላይ ብቅ አለች። የደገፋ አፍ በራሱ ተዘጋ። ያለምወርቅን ለማንም እንዳትነግሪ ሊላት ነበር፤ ሦስት ዓመት ተኩል የለመደ መንጋጋ ግን አልታዘዝ አለው።

ያለምወርቅ ብድግ ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ጥቂት ጠበቀችው።

“አሁንማ ዝም አልክ” አለችው።

ሄደች። ደገፋ የራሱን ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይሰማው ነበር፤ እንዴት ያለ አስቀያሚ ድምፅ ነው እያለ።

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረፈች ሳትጠራ ተመልሳ መጣች። ደስታዋን የምትናገርለት ሰው ፈልጋ ነው፤ ለባሕታዊ የተነገረ ነገር የትም አይሄድም።

“ጉድ ልንገርዎ፣ አባታችን” አለች፣ እንደ ልማዷ ሦስት እርምጃ ርቃ። “እሜቴ ያለምወርቅ ምሳ ላይ የአባቷን ጉልበት ስማ ለሠርጌ አንድ ነገር ይስጡኝ አለች። ሙሽራ የለመነችውን እምቢ አይባልም መቼም። ምን ልስጥሽ አሉ። ለኦቦ ቀጄላ ስድስቱን ጥማድ ይስጡልኝ፤ ልጁ እስካሁን ዝም ያለው ይበቃዋል አለች። እኛ ከጓዳ ሆነን እልል ልንል ምንም አልቀረን። እንዲያው የዚህች ልጅ ደግነት።”

ደገፋ አገጩን ከእጁ ላይ አነሣ።

“ደጃዝማች ሹካቸውን አስቀመጡ። ስለ ስድስቱ ጥማድ ማን ነገረሽ አሉ። እሱ ነው፣ ነገረኝ አለች። ነገረሽ? አሉ። አዎ፣ ዛሬ ጠዋት አለች። ግንባሯን ሳሟት። በይ ሐሳብ አይግባሽ፤ የሚገባውን ያገኛል አሉ። ደስ ብሏት ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ዓባይነህን ጠርተው...” ተረፈች አቋረጠች። የተናገረችውን መልሳ በራሷ ውስጥ ሰማችው። “ነገረኝ ነው ያለችው። እንዴ። እርስዎ ይናገራሉ እንዴ?”

“እናገራለሁ፣ እማማ ተረፈች” አለ ደገፋ።

ተረፈች ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

“የልጅ ልጄ...”

“ሳል ነበር። በራሷ ነው የዳነችው።”

“ሦስት ዓመት አንቱ ብዬሃለሁ” አለች። “እግርህን ስሜአለሁ። ባሌ እንኳ ያን አላገኘም።”

“ልነግርዎት አልቻልኩም።”

“ለእሷ ስትነግር ችለህ የለም እንዴ?” ከጠዋት የቀረውን አገልግል ከደጃፉ አንሥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ያልተበላውን አየች፤ ዘግታ ይዛው ሄደች። ደገፋ በሕይወቱ እንደዚያ ሰዓት ርቦት አያውቅም።

*

እሑድ ማለዳ ዓባይነህ መቀስና ምላጭ ይዞ መጣ።

“እስከ ቀትር ትወጣላችሁ” አለ። “መጀመሪያ ግን ቁጭ በል። ደጃዝማች ፀጉሩን ይፈልጉታል።”

“ፀጉሬን?”

“በሳቸው እንጀራ የበቀለ ነው። ዛሬ እንግዳ አለ፤ ጎጆው ባዶ ሆኖ እንዲታይ አልወደዱም። አንዱን ዘበኛ እናስቀምጥበታለን።” ዓባይነህ ከሥሩ ሸልቶ፣ የቀረውን በምላጭ ላጨው። ፀጉሩን በነጠላ ሲጠቀልል ጠንቀቅ ብሎ ነው፤ አንዲትም አላፈሰሰም። “አትዘንብኝ” አለ። “እኔም የታዘዝኩትን ነው።”

ኦቦ ቀጄላ ጎጆውን መንቀል ጀምሮ ነበር። ልጁ በተላጨ ራሱ ሲመጣ አይቶ ምሰሶውን ለቀቀ።

“ምን አልካት?” አለው።

“አትሂጂ አልኳት።”

“እሷስ?”

“ትሄዳለች።”

ኦቦ ቀጄላ ሳሉን ሳለ። ድንጋይ የለቀመባቸውን የላይኞቹን ሁለት ጥማዶች አንዴ ዞር ብሎ አያቸው። “በል ያዝልኝ” አለ። ምሰሶውን አንድ ላይ ነቀነቁት። ለሦስተኛ ጊዜ የሚነቀል ምሰሶ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሳያስቸግር ወጣ። “ድምፅህ ጎርንኖ የአጎትህን መስሏል” አለ አባትየው ጥቂት ቆይቶ። “ተፍኪ ስንደርስ ይስቅብሃል።”

ደገፋ ምሰሶውን አህያው ላይ አሰረ። መንደሩ በየደጁ ቆሞ ያያቸው ነበር። የሚረዳቸው አልመጣም፤ ሁሉም ለአንዱ ልጅ፣ ለአንዷ ላም፣ ለአንዱ ቁስል የደገፋን እጅ ያስጫነ ነውና የተዘረፈ ያህል ተቀይሟል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የአዲስ አበባው መንገድ ላይ ደረሱ። የሠርጉ መኪናዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ ከኋላ መጡ። አህዮቹ ደንብረው መንገዱን ዘጉት፤ የሙሽሮቹ መኪና ከደገፋ አንድ ክንድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ተሳደበ። ሙሽራው እየተናገረ ነበር።

ያለምወርቅ በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ አየች። ዓይኗ በአህዮቹ ላይ፣ በሽማግሌው ላይ፣ መላጣ ራሱን በእጁ በሚከልለው ገበሬ ላይ አለፈ። ከነሱ ወዲያ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ጎጆው ደጃፍ ላይ አንድ ፀጉራም ሰው አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። እዚያ ላይ ዓይኗ ቆመ። መሬቱን አሰጥታለታለች፤ ይቅር ብላዋለች። እሱም ይኸው ሁሉን አግኝቶ እንኳ ከቦታው አልተነሣም፤ ዛሬ ዝም ያለው ለማንም አይደለም፣ ለእሷ ነው። ፊቷ በእንባ ራሰ። ጣቶቿን ስማ መስታወቱ ላይ አሳረፈቻቸው።

ማዶ ያለው ሰው በታዘዘው መሠረት አልተንቀሳቀሰም።

አህዮቹ ተገፍትረው መንገዱ ተከፈተ። መኪናው ሄደ።

“አየችህ?” አለ ኦቦ ቀጄላ።

ደገፋ አህያውን ነዳ። የሱሉልታ ነፋስ የተላጨ ራሱን ያቃጥለው ነበር። በዚያ ቀን በሙሽራው እንደሚቀና ሲጠብቅ ነበር፤ በሙሽራው አልቀናም። የቀናው በዚያ ዘበኛ ነበር፤ በሱ ፀጉር ሥር ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ የሚወደድበት ምክንያት ምን እንደሆነ እንኳ በማያውቀው። እስከ እንጦጦ አቀበት ድረስ አሥር ጊዜ ዞረ፤ አሥር ጊዜም ሰውየው እዚያው ነበር።